ቅርቡንና ሩቁን በአንድነት ስለ ማየት

ወናፍ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ብረት ቀጥቃጩን ነው። ከፍየል ቆዳ የተሰፋው ወናፍ ሲነሣና ሲጨመቅ ከሰሉ ይግላል፤ ብረቱም ይለሰልሳል፤ የለሰለሰውም ብረት ማረሻ ወይም ማጭድ ይሆናል። እኔ አሁን የምጽፍላችሁ ግን እሳት ስለማያነድ ሌላ ወናፍ ነው። ይኸውም በፎቶግራፍ ካሜራና በሌንሱ መካከል የሚገባው፣ እንደ አኮርዲዮን እየታጠፈና እየተዘረጋ የሚሄደው ጥቁር ወናፍ ነው። የዚህ ወናፍ ሥራ ትንፋሽ መስጠት ሳይሆን ጨለማን መጠበቅ ነው፤ በሌንሱ በኩል ከሚመጣው ብርሃን በቀር ሌላ ብርሃን ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል።

ከእነዚህ ወናፎች አንዳንዶቹ ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከማስኬድ ሌላ ሁለት ነገር ይችላሉ። አንደኛ ሌንሱን ያዘነብሉታል፤ ሁለተኛ ሌንሱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ያንሸራትቱታል። ነገሩ ለባለሙያ ብቻ የሚጠቅም የእጅ ሥራ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ዕቃ መልክዐ ምድር ሳነሣ በቈየሁባቸው ዓመታት፣ ዕቃው ስለ ፎቶግራፍ ካስተማረኝ ይልቅ ስለ ማየት ያስተማረኝ ይበልጣል። ስለዚህ ለወጣት አንባቢዎች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት ያገኘሁትን በጥቂቱ ልጽፍ አሰብሁ።

በመጀመሪያ ዓይናችን እንዴት እንደሚያይ እንመልከት። ዓይናችን ፈጣን ስለ ሆነ ያታልለናል። በሜዳ ላይ ቆመን ከፊታችን ያለውን ሣር ስንመለከት ሣሩ ጠርቶ ይታየናል፤ ቀና ብለን ተራራውን ስንመለከትም ተራራው ጠርቶ ይታየናል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያየን ይመስለናል። በእውነቱ ግን ዓይናችን ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጠ ተራ በተራ ነው ያየው። ካሜራ እንዲህ ሊሮጥ አይችልም። አንድ ጊዜ ይመለከታል፤ ባየው ላይም ለዘላለም ይመሰክራል።

ሌንስ ደግሞ ፍጹም አጥርቶ የሚያየው በአንድ ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ይህን በቀላሉ ለመረዳት፣ ከካሜራው ፊት ለፊት አንድ ሰፊ የመስተዋት ገበታ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል ብላችሁ አስቡ። ይህ ገበታ የነካው ነገር ሁሉ ይጠራል። ከገበታው ወዲህ ያለውም ሆነ ወዲያ ያለው ግን ከገበታው በራቀ መጠን እየደበዘዘ ይሄዳል። ገበታውን ወደ ሩቁ ተራራ ብንወስደው ተራራው ይጠራል፤ ሣሩ ግን ጭጋግ ይሆናል። ወደ ሣሩ ብናመጣው ሣሩ ይጠራል፤ ተራራው ግን ይጠፋል። በመካከል ብናቆመው ደግሞ ሁለቱም በመጠኑ ይደበዝዛሉ። እንግዲህ የመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ዋናው ጭንቀት ይህ ነው።

ለዚህ ጭንቀት የተለመደው መድኀኒት ማጥበብ ነው። በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሲጠብ ከመስተዋቱ ገበታ ፊትና ኋላ ያለውም ነገር መጥራት ይጀምራል። ሰው ዓይኑን አጨንቍሮ ሩቅ ነገር እንደሚያየው ዓይነት ነው። ይህ መድኀኒት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለምሳሌ እኔ በምጠቀምበት የ105 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሥዕሉ የሚያርፍበት ገጽ 24 በ36 ሚሊ ሜትር በሆነ ካሜራ፣ ቀዳዳው 16 በሚባለው ቍጥር ላይ ሲሆን፣ ርቀቱ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረጥ የሚጠራው ከ11 ሜትር ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ነው። ከ6 ሜትር ጀምሮ ያለው ሣር እንዲጠራ የተፈለገ እንደ ሆነ ቀዳዳውን እስከ 32 ማጥበብ ያስፈልጋል።

ቀዳዳው ከ11 ወደ 32 ሲጠብ ደግሞ የሚገባው ብርሃን አንድ ስምንተኛ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በሴኮንድ 1/125 ይነሣ የነበረው ፎቶግራፍ 1/15 ያህል ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነፋስ ሣሩን ያወዛውዘዋል፤ እንዲጠራ የደከምንለት ሣርም በነፋሱ ምክንያት ይደበዝዛል። ከዚህም በላይ ብርሃን በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ሲያልፍ ጠርዙ ላይ እየተበተነ ይሄዳል። በቍጥር 32 ላይ እያንዳንዷ የብርሃን ነጥብ 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ወዳላት ክብ ትለወጣለች። ይህ ቍጥር ትንሽ ይምሰል እንጂ ትንሹ ሥዕል በትልቅ ወረቀት ላይ ሲታተም ይታወቃል። ባጭሩ፣ በማጥበብ ብዛት ሁሉም ነገር እኩል ይታያል፤ ነገር ግን እኩል የሚታየው ሁሉ እኩል ደብዝዞ ነው።

በእርግጥ በማጥበብ ታላቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉ። በ1932 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተንና ኢሞጅን ከኒንግሃም የነበሩበት የፎቶግራፍ አንሺዎች ማኅበር፣ ራሱን እጅግ ጠባብ በሆነው ቀዳዳ ስም «ኤፍ 64» ብሎ ሰየመ። የእነርሱ ፊልም ግን 20 በ25 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ትልቅ ስለ ነበረ፣ የማጥበቡ ጕዳት ያን ያህል አይታይባቸውም ነበር። ደግሞም ትልልቆቹ ካሜራዎቻቸው ባለ ወናፍ ስለ ነበሩ፣ ሌንስ ማዘንበልን ያውቁበት ነበር።

ሁለተኛው መድኀኒት እንግዲህ ይህ ማዘንበል ነው። ሌንሱ በጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ባዘነበለ ጊዜ፣ እንደ ግድግዳ ቆሞ የነበረው የመስተዋት ገበታ ወደ ፊት ይጋደማል፤ እንደ ምንጣፍም በመሬቱ ላይ ይነጠፋል። ያን ጊዜ ከካሜራው አጠገብ ያለው ሣርና በአድማስ ላይ ያለው ገደል ሁለቱም ያንኑ አንድ ገበታ ይነኩታል። ቀዳዳው ሳይጠብ፣ ብርሃኑም ሳይቀነስ፣ ሁለቱም ይጠራሉ።

ይህ ሕግ የሚጠራው በኦስትሪያዊው መኮንን በቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም ነው። ሻይምፕፍሉግ በ1865 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1911 እ.ኤ.አ. የሞተ ሲሆን፣ ዓላማው ከባሉን ላይ ከተነሡ ፎቶግራፎች ትክክለኛ ካርታ መሥራት ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. ለዘዴው በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት ጠየቀ። ሕጉም እንዲህ ነው፤ ፊልሙ ያረፈበት ገጽ፣ ሌንሱ የቆመበት ገጽና እንዲጠራ የምንፈልገው ነገር ገጽ፣ ሦስቱም ቢራዘሙ፣ በአንድ መስመር ላይ መገናኘት አለባቸው። የሚያስመሰግነው ደግሞ፣ ከእርሱ በፊት በ1901 እ.ኤ.አ. ዡል ካርፓንትዬ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ይህን ሐሳብ እንደ ደረሰበት በዚያው ጽሑፉ ውስጥ መግለጹ ነው። ዓለም ሕጉን በሻይምፕፍሉግ ስም ቢጠራውም፣ ባለ ስሙ ግን የሌላውን ድርሻ አልሸሸገም።

ኋላም ሃሮልድ መርክሊንገር የተባለ ካናዳዊ ነገሩን ለሠራተኛ በሚመች መንገድ አስረዳ። የመስተዋቱ ገበታ እንደ በር በማጠፊያ ላይ ይዞራል፤ ማጠፊያውም ከሌንሱ በታች ነው። የሌንሱን የትኩረት ርዝመት፣ ሌንሱ ከማጠፊያው ባለው ከፍታ ብናካፍለው፣ የምናገኘው ቍጥር የዝንባሌው ማዕዘን ሳይን ነው። በትምህርት ቤት የምትማሩት ሳይንና ኮሳይን ለፈተና ብቻ የተፈጠረ የሚመስላችሁ ብትኖሩ፣ አንድ ሥራው እነሆ! ሌንሴ 105 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሬት ያለው ከፍታም 1,500 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 105 ለ1,500 ሲካፈል 0.07 ይሆናል፤ ማዕዘኑም 4 ዲግሪ ነው።

4 ዲግሪ ምን ያህል ነው? የሰዓት ደቂቃ ቈጣሪ በ40 ሴኮንድ ውስጥ የሚሄደውን ያህል ብቻ ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው ሌንሱ መዘንበሉን እንኳ ልብ አይለውም። ይህች ትንሽ ዝንባሌ ግን በግድግዳ ፋንታ ምንጣፍ ትሰጠናለች። በቋንቋችን የሰው ልብ የሚያደላበት አቅጣጫ «ዝንባሌ» መባሉ ለእኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የሰውም ዝንባሌ በመጀመሪያ ከዚህ የበለጠ አይደለም፤ ነገር ግን በዕድሜው መጨረሻ ምን አይቶ ምን ሳያይ እንደሚቀር የምትወስነው እርስዋ ናት።

አሁን ወደ አንድ ቦታ ልውሰዳችሁ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ ብርድና ነፋስ የማይለየው አገር ነው። ጭላዳ በመንጋ ይግጥበታል፤ ቀይ ቀበሮም ይገኝበታል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ ገደል ሆኖ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከተባለው ሣር ነው። በዚህ ሣር ቤት ይከደናል፤ ገመድም ይገመዳል።

ወደዚያ ሄጄ ሳለ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተገናኘሁ። ካሜራ መያዜን ባዩ ጊዜ ከመሐረባቸው ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ፈትተው አሳዩኝ። አንድ መንገደኛ አንሥቶ የላከላቸው ነው። ሥዕሉ በጣም ያማረ ነው፤ ማዶ ያለው ገደል በማለዳ ፀሐይ እያንዳንዱ ስንጥቅ እስኪቈጠር ድረስ ጠርቶ ይታያል። ከፊት ለፊት ያለው ግን ግራጫ ጭጋግ ነው።

«ልጄ፣ ይህን አገር ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አዎን አባቴ፤ የእርስዎ አገር ነው። ያ ማዶ የሚታየው ገደል ነው» አልኋቸው።

«ገደሉንማ እኔም አየሁት። ሣሩ የታለ?»

«ከሥር ያለው ጭጋግ ሣሩ ነው።»

ሽማግሌው ፎቶግራፉን ራቅ አድርገው ጥቂት ተመለከቱና፣ «ገደሉን እግዜር አቁሞታል፤ ማንም አልጠበቀው። ሣሩን ግን የጠበቅነው እኛ ነን» አሉ።

የነገሩኝ እውነት ነው። የመንዝ ሰዎች ይህን ሣር በዘፈቀደ አያጭዱትም ነበር። በጋራ ሕግ ለዓመታት ይዘጉታል፤ ጠባቂ ያቆሙለታል፤ ሲደርስም በስምምነት ይከፍቱታል፤ ድርሻ ድርሻቸውንም ያጭዳሉ። ይህ ሥርዐት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ የኖረ ሲሆን፣ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ላላ፤ ይሁን እንጂ ጥበቃው ከሕዝቡ ልብ ስላልጠፋ በኋላ በአዲስ መልክ ተቋቋመ። እንግዲህ ያ ፎቶግራፍ ውብ ሆኖ ሳለ፣ የቦታውን ዋና ነገር ጭጋግ አድርጎታል። ገደሉን ያየ ተመልካች «እንዴት ያለ ውብ አገር ነው!» ይላል፤ ይህ አገር በሰው ጥበቃ የኖረ መሆኑን ግን ከሥዕሉ ሊያውቅ አይችልም። የመጥራትና የመደብዘዝ ነገር የውበት ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የእውነት ጕዳይም ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ወዲያው ካሜራዬን በባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ አቆምሁ። ወናፉ በጠባዩ የቅርብ ነገር ማንሻ ነው፤ የተሠራውም አበባና ነፍሳት በትልቁ ለማንሣት ነው። ተራ የካሜራ ሌንስ ቢገጠምበት ከፊልሙ ስለሚርቅ ሩቅ ማየት አይችልም። ስለዚህ በጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶግራፍ ለማሳደግ የሚያገለግል ሌንስ ገጥሜበታለሁ፤ ይህ ሌንስ ከፊልሙ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ አድማስን ስለሚያይ፣ ወናፉ ታጥፎ የሚገባበት ቦታ ይተርፋል። በውስጣቸው መስተዋት የሌላቸው የዛሬ ካሜራዎች ደግሞ ለዚህ ሥራ ይበልጥ ይመቻሉ።

ከዚያም ካሜራውን ሳላጐነብስ በውሃ ልክ ቀጥ አደረግሁት፤ ሌንሱን ብቻ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ታች አንሸራተትሁት። ይህ የማንሸራተት ጥቅም ነው። ካሜራውን ራሱን ወደ ታች ባጐነብሰው፣ የቆመው ሁሉ ዘምሞ ይታያል፤ ወደ ላይ ባንጋጥጠውም ቤትና ዛፍ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ። በማንሸራተት ግን ካሜራው እንደ ቆመ ይቆማል፤ የሚያየው ብቻ ዝቅ ወይም ከፍ ይላል። ዝቅ ያለውን ለማየት መዝመም እንደማያስፈልግ፣ ከፍ ያለውንም ለማየት ወደ ኋላ መንጋጠጥ እንደማያስፈልግ ያስተምራል። ሰውም አቋሙን ሳይለቅ ወደ ታናሹም ወደ ታላቁም ሊመለከት ይችላል።

ቀጥሎ ሌንሱን 4 ዲግሪ አዘነበልሁት። ከካሜራው 6 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለው የሣር ነዶና ማዶ ያለው ገደል አብረው ጠሩ። ቀዳዳውን 11 ላይ ስላደረግሁት 1/125 ሴኮንድ በቂ ሆነ፤ ነፋሱም ሣሩን ሊያደበዝዘው አልቻለም።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበር። ከካሜራው 8 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ አንድ ጅብራ ቆሞ ነበር። ጅብራ በደጋ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም፣ ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። እንዲህ ያለውን ተክል ማንም ፎቶግራፍ አንሺ ከሥዕሉ ሊያወጣው አይፈልግም። የጅብራው እግር ጠርቷል፤ ራሱ ግን ደብዝዟል። ምክንያቱም የተጋደመው ገበታ ስስ ነው። ከገበታው በላይና በታች የሚጠራው ውፍረት ከካሜራው አጠገብ ትንሽ ሆኖ ይጀምርና፣ እንደ ሽብልቅ እየሰፋ ይሄዳል። በእኔ ልክ፣ በ8 ሜትር ርቀት ላይ ከገበታው በላይ የሚጠራው 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በ33 ሜትር ርቀት ላይ ግን 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል።

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አያወጧትም» ይባላል። ያዘነበለ ሌንስም ይህንኑ ይናገራል። መሬቱን ሁሉ ይሰጣችኋል፤ በመሬቱ ላይ አጠገባችሁ የቆመውን ረጅም ነገር ራስ ግን ይወስድባችኋል። ሁሉንም አጥርቶ የሚሰጥ ዝንባሌ የለም። ስለዚህ የሚቀረው ጥያቄ፣ «እንዴት አድርጌ ሁሉን ልያዝ?» ሳይሆን፣ «የመጣሁት ስለ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። እኔ በዚያን ቀን የመጣሁት ስለ ሣሩ ነበር። ሽማግሌው የጠየቁኝም ስለ ሣሩ ነበር። ስለዚህ ካሜራዬን ተሸክሜ ወደ ኋላ ሄድሁ፤ ጅብራው 33 ሜትር ያህል እስኪርቅ ድረስም ተጓዝሁ። ገበታውንም ጥቂት ቀና አደረግሁት። ያን ጊዜ ጅብራው ከእግሩ እስከ ራሱ ጠራ፤ ነገር ግን በሥዕሉ ውስጥ ትንሽ ሆነ። ሣሩ ሰፊውን ቦታ ያዘ፤ ገደሉም በስተ ኋላ ቆመ። ትልቅ የነበረው ጅብራ ትንሽ መሆኑ አሳዝኖኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዋጋው ተገቢ ነበረ።

በካሜራው ጀርባ ያለውን ሥዕል ለሽማግሌው አሳየኋቸው። አንድም ቃል ስለ ውበቱ አልተናገሩም። ጣታቸውን በሣሩ ላይ እያስኬዱ፣ «ይህ የታችኞቹ ሰፈር ድርሻ ነበር፤ ይህ ደግሞ የኛ» እያሉ ይለዩት ጀመር። ለፎቶግራፍ አንሺ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ያለ አይመስለኝም። ሥዕሉን «አማረ» አላሉትም፤ አነበቡት እንጂ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ «በዛሬ ዘመን ኮምፒዩተር አለ፤ በልዩ ልዩ ርቀት የተነሡ ብዙ ፎቶግራፎችን አጣምሮ ሁሉንም አጥርቶ ይሰጣል፤ ታዲያ ወናፉ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዘዴው ለማይንቀሳቀስ ነገር በጣም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን በነፋሻ ደጋ ላይ ሣሩ በአንደኛውና በሁለተኛው ፎቶግራፍ መካከል ቦታውን ይለውጣል፤ በመጋጠሚያውም ላይ አንዱ ሣር ሁለት ሆኖ ይታያል። ደግሞም ሁሉንም ከሰበሰብሁ በኋላ እመርጣለሁ የሚል ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሳይመርጥ ይቀራል። ወናፉ ግን ሳትመርጥ እንድታነሣ አይፈቅድልህም።

ስለ ዝንባሌ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ይህ ዕቃ በተሳሳተ አቅጣጫም ሊያዘነብል ይችላል። ሌንሱ መሬቱን ተከትሎ በማዘንበል ፋንታ በተቃራኒው ሲያዘነብል፣ ከመሬቱ ላይ የሚጠራው አንድ ቀጭን መሥመር ብቻ ይሆናል፤ የቀረው ከፊትም ከኋላም ይደበዝዛል። ከከፍታ ቦታ ላይ እንዲህ ተደርጎ የተነሣ ከተማ የሕፃን መጫወቻ ይመስላል፤ ሰዎቹም አሻንጕሊት ይመስላሉ። ሰዎች ይህን ለጨዋታ ያደርጉታል፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን ዕቃው ያው፣ ዲግሪውም ያው ሆኖ ሳለ፣ አቅጣጫው ሲለወጥ ሰፊው አገር መጫወቻ እንደሚሆን ልብ በሉ። ሰውም አገሩንና ወገኑን ከከፍታ ሆኖ በተሳሳተ ዝንባሌ ሲመለከት፣ የሰው ኑሮ መጫወቻ መስሎ ይታየዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ከእኛ መካከል አንዳንዱ ዓይኑን በሩቁ ላይ ብቻ ያደርጋል። የሩቅ አገር ከተሞችን ስምና መንገድ ያውቃል፤ ከሰፈሩ በላይ ያለችውን ምንጭ ማን እንደሚጠብቃት ግን አያውቅም። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሌላው ደግሞ ዓይኑን ከእግሩ ሥር አያነሣም፤ የዛሬ እንጀራውንና የሰፈሩን ወሬ እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያስብም። ሽማግሌዎች እነዚህን ሁለቱን ሲያስታርቁ፣ «መካከለኛውን ያዝ» ይሉናል። ይህ ምክር በብዙ ነገር ጥሩ ነው። በዚህ ነገር ግን ካሜራው አይስማማበትም፤ የመስተዋቱ ገበታ በመካከል ሲቆም፣ ቅርቡም ሩቁም በመጠኑ ይደበዝዛልና።

የሚሻለው ቅርቡን ከሩቁ ጋር የሚያገናኘውን መሬት መፈለግና ወደዚያ ማዘንበል ነው። በጓሳ ከእግሬ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ሳይቋረጥ የሄደው ሣሩ ነበር፤ ሌንሱም ወደ ሣሩ ባዘነበለ ጊዜ ገደሉን ጨምሮ አገኘው። በሰው ኑሮም እንዲሁ ነው። እናቱ ውሃ ለመቅዳት የምትሄደውን መንገድ የሚያውቅ ልጅ የውሃ ምሕንድስና ለመማር ሩቅ አገር ቢሄድ፣ በመንገዱና በትምህርቱ መካከል ያልተቋረጠ መሬት አለ፤ ስለዚህ ሁለቱም ይጠሩለታል። ያንኑ ትምህርት ስሙ ስላማረው ብቻ የሚማር ሌላ ልጅ ግን፣ መጻሕፍቱ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ፣ ገደሉን ብቻ ያነሣ መንገደኛ ይመስላል።

ይህ መሬት ለሁሉ ሰው አንድ አይደለም። ለአንዱ የእጅ ሙያው ነው፤ ለሌላው የወላጆቹ ዕዳ ወይም የገባው ቃል ኪዳን ነው። ማንም ለሌላው ሊመርጥለት አይችልም። ካገኛችሁት በኋላም ሁሉንም ይሰጠናል ብላችሁ አትጠብቁ፤ አጠገባችሁ ያለ አንድ ረጅም ነገር ራሱ ሊደበዝዝባችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ወይ ዋጋውን ክፈሉ፤ ወይም ካሜራችሁን ተሸክማችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ዓይናችሁን በማጥበብ ግን ለማምለጥ አትሞክሩ፤ ብርሃኑ ያንሳችኋልና።